የልጅ ጆሮ አደራ ነው
ለወላጆች፣ ለሕፃናት አገልጋዮች፣ ለሃይማኖት አባቶችና ለመንግሥት ኃላፊዎች የቀረበ ማሳሰቢያ

ልጆቻችን የእግዚአብሔርን ድምፅ መስማት እንዲለምዱ የምናደርገው ጥረት በጎ ነው። ልጅ እንዲጸልይ፣ ጸጥ ብሎ እንዲቀመጥ፣ ሕሊናው ሲወቅሰው እንዲያዳምጥ ማስተማር የክርስቲያን ወላጅ ግዴታ ነው። ይህ ማሳሰቢያ ያንን ግዴታ ለመቃወም አልተጻፈም። የተጻፈው በዚሁ በጎ ሥራ ውስጥ ሳናየው ስለሚያድግ አደጋ ነው።

አደጋው ይህ ነው። ትንሽ ልጅ የእግዚአብሔርን ድምፅ ከአዋቂ ድምፅ ለይቶ አያውቅም። እኛ ደግሞ አንዳንዴ በፍቅር፣ አንዳንዴ በችኮላ፣ ብዙውን ጊዜ ግን በቸልታ የራሳችንን ድምፅ በእግዚአብሔር ስም እናሰማዋለን። ልጁ የሰማውን ሁሉ ከላይ የመጣ አድርጎ ይቀበላል። አንድ ቀን ክፉ ሰው በዚያው ስም ሲጠራው እምቢ የሚልበት አቅም አይኖረውም።

ይህን አስቀድሞ የነገረን መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ነው። ስለ እግዚአብሔር ድምፅ የሚያስተምር ሰው ሁሉ የሳሙኤልን ታሪክ ያነሣል፤ ብዙ ጊዜ የምንተርከው ግን ግማሹን ነው። ሳሙኤል በሴሎ፣ በእግዚአብሔር ቤት ተኝቶ ሳለ ስሙ ሲጠራ ሰማ። ተነሥቶ የሮጠው ወደ ዔሊ ነበር። ይህንንም ሦስት ጊዜ አደረገ። በቤተ መቅደስ ያደገ፣ እናቱ ለእግዚአብሔር የሰጠችው ብላቴና እንኳ የጠራው ድምፅ የአሳዳጊው ድምፅ መሰለው። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ብቻ የምናስተምራቸው ልጆቻችንማ እንዴት ይለዩ?

ዔሊ ያደረገውን ልብ በሉ። የልጁን ቃል አልናቀም፤ በሰው ፊትም አላሞገሰውም። እግዚአብሔር ምን እንደሚለው አስቀድሞ አልነገረውም። ያስተማረው ለመስማት ዝግጁ መሆኑን የሚገልጽ አጭር መልስ ነው፤ ከዚያም ወደ መኝታው መለሰው። ሲነጋ ሳሙኤል ጉባኤ ፊት አልቆመም፤ የእግዚአብሔርን ቤት ደጆች ከፈተ። እስራኤል ሁሉ ነቢይነቱን ያወቀው ካደገና ቃሉ ከተፈተነ በኋላ ነው።

የምንዘለው ሌላው ግማሽ ደግሞ ይበልጥ ከባድ ነው። ለልጁ የተነገረው መልእክት በዔሊ ቤት ላይ የመጣ ፍርድ ነበር። የዔሊ ልጆች አፍኒንና ፊንሐስ በመሥዋዕቱና በመገናኛው ድንኳን ደጅ በሚያገለግሉ ሴቶች ላይ ይበድሉ ነበር፤ አባትየውም ሰምቶ በቃል ከመገሠጽ በቀር አልከለከላቸውም። ሳሙኤል ያየውን ለመናገር ፈራ። ሽማግሌው ግን አንዳች እንዳይሸሽገው አዘዘው፤ የሚጎዳው ቃል መሆኑን እያወቀ ሰማው፤ ተቀበለውም። ልጅን ስለ እግዚአብሔር ድምፅ የሚያስተምር ሁሉ በዚህ ይመዘን፦ የሚያስተምረው ልጅ የተማረውን ይዞ በራሱ በመምህሩ ላይ እውነት መናገር ይችላል? ካልቻለ ትምህርቱ ልጁን ለእግዚአብሔር ሳይሆን ለመምህሩ አስገዝቶታል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የመጀመሪያው አደጋ የምንጠይቀው ጥያቄ ነው። በብዙ የሕፃናት ክፍሎች መምህሯ ልጆቹን ዓይናቸውን አስጨፍና ጥቂት ደቂቃ ዝም ታሰኛቸዋለች። ከዚያ በተራ፣ «ጌታ ምን አለህ? አንቺንስ ምን አለሽ?» ብላ ትጠይቃለች። አንዱ «እወድሃለሁ አለኝ» ይላል፤ ይጨበጨብለታል። ሁለተኛዋ ትንሽ ጨምራ ትናገራለች፤ ጭብጨባው ይደምቃል። ተራው ለደረሰውና ምንም ላልሰማው ልጅ የቀረለት መንገድ ሁለት ብቻ ነው። ወይ ይዋሻል፤ ወይ ደግሞ እግዚአብሔር ከሁሉ ለይቶ እርሱን ዝም እንዳለው ያምናል። መምህሯ ክፉ አላሰበችም። ነገር ግን ልጁ ያን ቀን በእግዚአብሔር ቤት የተማረው ማስመሰልን ወይም ተስፋ መቁረጥን ነው።

ደጋግሞ መጠየቅ ምን እንደሚያደርግ ሳይንስም አሳይቷል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስቲቨን ሴሲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ ገና ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናት ፈጽሞ ያልደረሰባቸውን ነገር፣ ለምሳሌ ጣታቸው በአይጥ ወጥመድ ተይዞ ሆስፒታል ሄደው እንደሆነ፣ በየሳምንቱ እንዲያስቡና እንዲመልሱ ተደረገ። ከአሥር ሳምንት ገደማ በኋላ ከግማሽ የሚበልጡት ቢያንስ አንዱን ያልሆነ ነገር እንደሆነ አድርገው በዝርዝር ተረኩ። ልጆቹ ውሸታሞች አልነበሩም። አዋቂ ደጋግሞ ሲጠይቃቸው በሐሳባቸው የሣሉትን በርግጥ ከሆነው ነገር መለየት አቃታቸው እንጂ። ስለ አይጥ ወጥመድ እንዲህ ከሆነ፣ ማንም ሄዶ ሊያጣራው ስለማይችለው ራእይና ሕልም ምን ያህል እንጠንቀቅ?

ሁለተኛው አደጋ ልጁ ሲናገር የምንሰጠው ምላሽ ነው። አባቶቻችን «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ይላሉ። ብስሉንና ጥሬውን የመለየቱ ሥራ የአዋቂ ነው። ሁሉንም እንደ ትንቢት መቀበል ቸልተኝነት ነው። ሁሉንም ስቆ መተውም ቸልተኝነት ነው። አንዳንድ ልጅ የደረሰበትን በደል በግልጽ መናገር ሲያቅተው በሕልም ወይም በጸሎት ቋንቋ ይናገረዋል። «እግዚአብሔር እዚያ ቤት አትሂድ አለኝ» የሚል ልጅ ስለዚያ ቤት እየነገራችሁ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲላችሁ አታጨብጭቡ፤ አትቆጡም። ለብቻው በእርጋታ፣ ቃል ሳታስቀምጡለት አነጋግሩት። እዚያ ቤት ምን እንዳለም አጣሩ።

ሦስተኛው አደጋ ጸሎቱ ያልደረሰለት ልጅ የሚሸከመው ነው። የታመመች እናት አለችው እንበል። አንድ አገልጋይ፣ ወይም ልጁ ራሱ አዋቂዎችን ለማስደሰት ብሎ፣ «ትድናለች ብሎኛል» ይላል። ቤተሰቡ ይጽናናል፤ ልጁ ይከበራል። እናቲቱ ስታርፍ ግን ልጁ ኀዘኑን ብቻ አይሸከምም፤ ጥፋተኝነትም ይጨመርበታል። በደንብ አልሰማሁም፣ እምነቴ አንሶ ነው፣ በእኔ የተነሣ ሞተች ብሎ ያስባል። ይህን ለማንም አይናገርም፤ እግዚአብሔርን የዋሸ ስለሚመስለው። አዋቂዎች በቀብሩና በለቅሶው ተጠምደው ሳሉ፣ ለብዙ ዓመት የማይለቅ ቁስል በልጁ ውስጥ ይፈጠራል። ስለዚህ የሰው ሕይወትና ሞት የተንጠለጠለበትን ቃል ከልጅ አትጠብቁ፤ ቢናገርም በላዩ ተስፋ አትገንቡ።

አራተኛው አደጋ ከሁሉ ይከፋል። ልጆቻችንን «እሺ ይበልጣል ከሺ» እያልን እናሳድጋለን። ታላቅን ማክበር መልካም ባህል ነው። ነገር ግን ለታላቅ እምቢ ማለትን ያልተማረ ልጅ፣ ታላቁ «እግዚአብሔር ነግሮኛል» ሲለው ፈጽሞ መከላከያ አይኖረውም። ሕፃናትን የሚደፍር ሰው ይህን ያውቃል። «ይህ የእኔና የአንተ ምሥጢር ነው፤ ለሰው ብትናገር ጸጋህ ይወሰዳል» ሲለው ልጁ የሚፈራው ሰውየውን ብቻ አይደለም፤ እግዚአብሔርንም ነው። የነገሥት መጽሐፍ ስለዚህ የሚያስደነግጥ ታሪክ ትቶልናል። ከይሁዳ የመጣ የእግዚአብሔር ሰው በቤቴል እንዳይበላ፣ ውኃም እንዳይጠጣ ታዝዞ ነበር። በቤቴል የሚኖር አንድ ሽማግሌ ነቢይ ግን መልአክ እንደነገረው ዋሽቶ ወደ ቤቱ መለሰው። ሰውየው የሽማግሌውን ዕድሜና ነቢይነት አይቶ አመነ፤ ትእዛዙንም ተላለፈ። ሲመለስ አንበሳ ገደለው። ነቢይ የነበረው ሰው በሽማግሌ ቃል ከተታለለ፣ የ8 ዓመት ልጅ ሳይታለል ይቀራል ብለን እንዴት እናምናለን?

አምስተኛው፣ በልጅ አፍ ሌላ ሰው መክሰስ ነው። የታመመን ወይም የሚጮኽን ልጅ ከብበን «ማን ነህ? ከየት ያዝኸው? ማን ላከህ?» ስንል፣ ልጁ መልስ እስኪሰጥ እንጠይቀዋለን። የሚያውቀውን ስም ይጠራል፤ የጎረቤት፣ የእንጀራ እናት ወይም የአንዲት ብቸኛ አሮጊት ሊሆን ይችላል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያ ሰው በሰፈሩ በሰላም አይኖርም። ልጁም ሲያድግ በገዛ አፉ የሰው ቤት ማፍረሱን ይረዳል። ይህን የጫንበት እኛ ነን።

ስድስተኛው ከሕመም ጋር የተያያዘ ነው። ከፍተኛ ትኩሳት፣ የሚጥል በሽታ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ረኃብ፣ ከባድ ኀዘን ልጅ ድምፅ እንዲሰማ ሊያደርጉ ይችላሉ። ጤነኛ ልጆችም አልፎ አልፎ ድምፅ ይሰማሉ፤ አብዛኞቹን ሲያድጉ ይተዋቸዋል። ስለዚህ መደንገጥ አያስፈልግም። ነገር ግን ድምፁ ራሱን ወይም ሌላውን እንዲጎዳ ካዘዘው፣ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለው፣ ከጓደኞቹ ካራቀው፣ ትምህርቱን ካስተወው፣ ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር፤ ያ ምክር የብዙ ሰው ሕይወት የሚያተርፍ ነበር። ለአእምሮ ሕመምም ያው ምክር ይሠራል። በሰንሰለት የታሰረ፣ የተራበ ወይም የተገረፈ ልጅ ግን እየተጸለየለት አይደለም፤ እየተሠቃየ ነው።

ሰባተኛው፣ በቅርብ ዓመታት የመጣው ካሜራ ነው። ትንቢት የሚናገር፣ የሚያለቅስ፣ የሚንቀጠቀጥ ሕፃን በዩቲዩብና በቲክቶክ ይለቀቃል። ሰው ይባረክበታል ተብሎ ነው። ሳሙኤልን እግዚአብሔር በሌሊት፣ ማንም ሳያይ ጠራው፤ እኛ ግን ልጆቻችንን በሚሊዮን ሕዝብ ፊት እናቆማቸዋለን። ልጁ ነገ የሚናገረው ባይኖረው ምን ያደርጋል? የለመደው ጭብጨባ ሲቀር ይፈጥራል። በ20 ዓመቱ ሥራ ሲፈልግ፣ በ25 ዓመቱ ትዳር ሲያስብ ያ ምስል ይከተለዋል። በ6 ዓመቱ የተቀረጸው ልጅ ፈቃድ አልሰጠም፤ ሊሰጥም አይችልም።

ይህ ሁሉ የተጋነነ የሚመስለው ሰው ወደ ጎረቤታችን ኬንያ ይመልከት። በኪሊፊ አካባቢ በሚገኘው የሻካሆላ ጫካ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ከ400 የሚበልጡ አስከሬኖች ከመቃብር ወጥተዋል። የአንድ ሰባኪ ተከታዮች የነበሩት ምእመናን ክርስቶስን ለማግኘት እንዲራቡ ተነግሯቸው እንደነበር መርማሪዎች ገልጸዋል። ዐቃቤ ሕግ በሰባኪው ፖል ማኬንዚና በተባባሪዎቹ ላይ በ191 ሕፃናት ግድያ ክስ መሥርቷል፤ ሰባኪው ክሱን ክዷል፤ ፍርዱ የፍርድ ቤት ነው። እኛ ግን ፍርዱን ሳንጠብቅ የምንማረው አለ። በዚያ ጫካ ልጆቻቸውን ይዘው የገቡ ወላጆች ልጆቻቸውን የሚጠሉ አልነበሩም። እግዚአብሔርን እየሰሙ መሰላቸው። የሰሙትን የሚመረምርና «ይህ ድምፅ የእርሱ አይደለም» የሚል ሰው በመካከላቸው አልተገኘም ወይም አልተሰማም። ወደዚያ ጫካ የሚያደርሰው መንገድ የሚጀምረው ድምፅን መመርመር ኃጢአት ነው ብለን ካስተማርንበት ቀን ነው።

መመርመር ግን ኃጢአት አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሮ አቡጊዳ የጨረሰ ልጅ ንባብ የሚጀምረው በዮሐንስ መልእክት ነው። ያ መልእክት መንፈስን ሁሉ እንዳናምን፣ ከእግዚአብሔር መሆኑን እንድንመረምር ያዝዘናል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ትንቢትን እንዳይንቁ ካሳሰበ በኋላ ሁሉን እንዲፈትኑ ይነግራቸዋል። ሁለቱ አብረው የታዘዙ ናቸው። እኛ የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን ጥለናል።

ስለዚህ ለእያንዳንዳችሁ የሚከተለውን አሳስባለሁ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ከጸሎት በኋላ «ምን አለህ?» አትበሉት። «ስትጸልይ ምን አሰብህ?» በሉት። ዝም ቢል ዝምታው በቂ መሆኑን ንገሩት፤ እግዚአብሔር ዝም ያለው ልጅ የተጣለ ልጅ አይደለም። ልጃችሁን ለመቆጣት፣ የደበቀውን ለማውጣጣት ወይም ለማስፈራራት በእግዚአብሔር ስም አትናገሩ። እናንተ የምትሉትን «እኔ እላለሁ» በሉ። በተረፈ ሦስት ነገር በቃሉ እንዲይዝ አስተምሩት፦ ለአባትና ለእናት አትንገር የሚል ድምፅ የእግዚአብሔር አይደለም፤ ራስህን ወይም ሌላውን ጉዳ የሚል ድምፅ የእግዚአብሔር አይደለም፤ እግዚአብሔር አዞኛል ብሎ ሰውነትህን የሚነካህን ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ እምቢ ብለህ ሮጠህ ንገረን። ሲነግራችሁም እመኑት። የሚከስሰው ቄስ ወይም ፓስተር፣ ዲያቆን ወይም ዘማሪ፣ አጎት ወይም አያት ቢሆንም መጀመሪያ ልጁን ከአደጋው አርቁት፤ ከዚያ ይጣራል።

የሕፃናት አገልጋዮችና የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ሆይ፣ ድካማችሁ ይታወቃል። አብዛኞቻችሁ ያለ ደመወዝ፣ ከዕረፍታችሁ ቀን ቆርሳችሁ ታገለግላላችሁ። ለዚያ ድካም የሚገባው ጥንቃቄ ነው። ልጅን ለብቻው በተዘጋ ክፍል አትጸልዩለት፤ ሁለት አዋቂዎች ይኑሩ፤ በሩ ይከፈት። ለልጅ የግል ትንቢት አትናገሩ። ስለሚያገባት፣ ስለሚሞትበት፣ ስለሚሄድበት አገር የተነገረው ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ያንን ሲጠብቅ ወይም ሲሸሽ ይኖራል። ወላጅ ሳያውቅ ጾም አትዘዙ። ሕልም አየሁ ያለውን ልጅ በጉባኤ አታስመስክሩት። ድምፅ መስማትን የልዩ ልጆች ጸጋ አታድርጉት፤ እግዚአብሔር ለልጆች በቃሉ፣ በሕሊናቸው፣ በሚወዷቸው ሰዎች እንክብካቤ እንደሚናገር አስቀድሙና አስተምሩ።

የሃይማኖት አባቶችና መሪዎች ሆይ፣ በኦርቶዶክስ፣ በካቶሊክና በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ያላችሁ ሁሉ፣ ይህ የአንድ ወገን ችግር አይደለም። እያንዳንዱ አጥቢያ የተጻፈ የሕፃናት ጥበቃ ደንብ ይኑረው። ልጆችን የሚያገለግል ሰው ከመሾሙ በፊት ማንነቱ ይጣራ። በደል ሲሰማ የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይጠፋ ተብሎ አይሸፈን። ዔሊ የተፈረደበት በራሱ በደል አይደለም፤ የሌሎችን በደል ሰምቶ ባለመከልከሉ ነው። ጌታችን ታናናሾችን የሚያሰናክል የወፍጮ ድንጋይ በአንገቱ ታስሮ ቢሰጥም እንደሚሻለው የተናገረውን እናንተ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ።

የመንግሥት ኃላፊዎች ሆይ፣ የእምነት ትምህርት ውስጥ ግቡ እያልሁ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት አረጋግጦላቸዋል፤ ይህ መከበር አለበት። ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የሕፃናትን ጥቅምና ደኅንነት ማስቀደምን ያዛል፤ ልጆችን የሚያሳድጉና የሚያስተምሩ ተቋማትም ልጅን በአካል እንዳይቀጡና በጭካኔ እንዳይዙ ይከለክላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም ወላጆች ልጁን በእምነት ሲመሩ የዕድሜውን የማስተዋል አቅም ተከትለው እንዲሆን ይላል። የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ፖሊስና የጤና ባለሙያዎች ጉዳዩ «የሃይማኖት ነው» ሲባሉ ወደ ኋላ ማለታቸው ይቁም። መግረፍ፣ ማሰር፣ ማስራብና መድፈር በየትኛውም ስም ቢፈጸሙ ወንጀል ናቸው። ጠቋሚውን ጠብቁ፤ የልጁን ቃል የሚቀበል፣ መሪ ጥያቄ የማይጠይቅ የሠለጠነ ሰው በየጣቢያው መድቡ።

እንግለጸው፤ አብዛኞቹ መምህራን ቅኖች፣ አብዛኞቹ ወላጆች አፍቃሪዎች ናቸው። ይህ ማሳሰቢያ የሚጠረጥረው ልባቸውን አይደለም፤ ቸልታቸውን ነው። ልጅን የሚጎዳው ሁልጊዜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ጥሩ ሰዎች ሳይጠይቁ ያለፉት ነገር ነው። ስለዚህ በመጪው እሑድ ልጃችሁን ወደ ክፍሉ ስታደርሱ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ልጄን የሚያስተምረው ማን ነው? ከእርሱ ጋር ሌላ አዋቂ አለ? ልጄ ቅሬታ ቢኖረው ለማን ይናገራል? መልሱን አግኝታችሁ ሂዱ። መልስ ካጣችሁ ግን መልሱ እስኪገኝ ልጃችሁን ከእናንተ ጋር አቆዩ፤ ስለ ሌሎቹ ልጆችም ለአጥቢያው መሪዎች በዚያው ቀን ተናገሩ።